ሰባቱን ሺህ ያልሰማው ሰው
«የምድር የመጨረሻው ሰው» ስለተባለው ፊልም

ፊልሙ ሲጀምር ከተማ ታያላችሁ። መንገዱ አለ፤ ፎቁ አለ፤ መኪናው እንደቆመ ነው። ሰው ብቻ የለም። ያሉት ሰዎች በደረጃና በመንገድ ዳር የተዘረሩ ሬሳዎች ናቸው። ከዚያ ካሜራው ወደ አንድ ቤት ይገባል። አንድ ጎልማሳ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ በግድግዳው ላይ በገዛ እጁ በጻፈው የቀን መቁጠሪያ አንድ ቀን ይሰርዛል፤ በሩ ላይ የሰቀለውን ነጭ ሽንኩርትና መስተዋት ይፈትሻል። ሌሊት ደጁ ላይ የወደቁትን ሬሳዎች መኪናው ላይ ጭኖ ከከተማው ዳር ወዳለው የሚጤስ ጉድጓድ ወስዶ ይጥላል። ባዶው ሱቅ ገብቶ፣ ለወጥ እንደሚገዛ ሰው፣ ደህና ደህናውን ነጭ ሽንኩርት ይመርጣል። ከዚያ የሾሉ ችካሎቹን ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ቀን ቀን የሚተኙትን ደም መጣጮች እየፈለገ በልባቸው ላይ ችካል ይተክላል። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል። ሲመሽ እነሱ ይመጣሉ፤ በሩን እየደበደቡ ስሙን ይጠራሉ። እሱ የሸክላ ሙዚቃውን ድምፅ ከፍ ያደርግና ለመተኛት ይሞክራል።

ይህን ሲያደርግ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

አውቃለሁ፤ ከእናንተ አንዳንዱ እዚህ ላይ ገጹን ሊገልጥ ነው። «ደግሞ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ የደም መጣጭ ፊልም!» ብሎ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደም ለመሸጥ ብቻ የሚሠሩ ፊልሞች አሉ፤ እነሱን እኔም አልመክርም፤ ካየኋቸው በኋላ ነፍሴ የምትደነዝዝ ይመስለኛል። ግን አስፈሪ ነገር ሁሉ ከቃሉ ውጭ ነው የምትሉ ከሆነ፣ ሕዝቅኤል በአጥንት በተሞላ ሸለቆ ውስጥ መቆሙን፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ አንድ ሰው በመቃብር መካከል እየጮኸ ሰውነቱን በድንጋይ ሲቦጭቅ ማደሩን አስታውሱ። እኔ ስለ አንድ አስፈሪ ፊልም የምጠይቀው ማንን እንድፈራ እንደሚያስተምረኝ ነው። ይህኛው ፊልም በዚያ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ያደርግብናል፤ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ማንን መፍራት እንዳለብን በሚገባ ካስተማረን በኋላ ያስተማረንን ይነጥቀናል። ደም ራሱ እምብዛም አይታይበትም።

ፊልሙ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥቁርና ነጭ ሥራ ነው፤ ርዝመቱ 86 ደቂቃ ነው። ዋናውን ሰው፣ ዶክተር ሮበርት ሞርጋንን፣ የሚጫወተው ቪንሰንት ፕራይስ ነው። መሠረቱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ማቲሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «አይ አም ሌጀንድ» የተባለ ልቦለድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «እኔ አፈ ታሪክ ነኝ» ማለት ነው። መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ሊሠራ ታስቦ የአገሩ ሳንሱር ጽሑፉን አልቀበልም አለ። ዞሮ ዞሮ ኢጣሊያ ውስጥ ተሠራ፤ አዘጋጆቹም ኡባልዶ ራጎናና ሲድኒ ሳልኮው ናቸው። ማቲሰን በውጤቱ ደስ ስላላለው በጽሑፉ ላይ የራሱን ስም አላኖረም፤ ሎጋን ስዋንሰን በሚል የብዕር ስም ነው የወጣው። ፕራይስም ለቦታው ተስማሚ አልነበረም ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ከደራሲው ጋር አልስማማም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ሳልነግር ማለፍ አልችልም። ታሪኩ አሜሪካ ውስጥ የሆነ ይመስላል እንጂ የምናየው ባዶ ከተማ ሮም ነው፤ ኤውር የሚባለው ሰፈር። ሙሶሊኒ በ1942 እ.ኤ.አ. ሊያደርገው ላሰበው የዓለም ኤግዚቢሽን ያስጀመረው ሰፈር ነው፤ ጦርነት መጣና ኤግዚቢሽኑ ሳይደረግ ቀረ። በፊልሙ ውስጥ ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ በቅስት መስኮቶች የተሞላ ትልቅ ሕንፃ ታያላችሁ። በዚያ ሕንፃ ግንባር ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የተወሰደው ሙሶሊኒ መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራችንን ሊወር መሆኑን ለሕዝቡ ካወጀበት ንግግር ነው። ለእኛ ሞት የታወጀበት ቃል የተጻፈበት ሕንፃ፣ ሰው ባለቀበት ከተማ መካከል ብቻውን ቆሞ ይታያል። አዘጋጆቹ ይህን አስበውት ይሁን አይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም። እኔ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ፊልሙ መካከል ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ መቅሠፍቱ እንዴት እንደገባ ያሳየናል። ሞርጋን ተመራማሪ ነው። ሚስት አለችው፣ ቨርጂኒያ፤ ትንሽ ልጅ አለችው፣ ካቲ፤ የሥራ ባልደረባና የቤት ወዳጅ አለው፣ ቤን ኮርትማን። በሽታው ከአውሮፓ በነፋስ መጣ ይባላል። መጀመሪያ ዓይን ያጠፋል፤ ከዚያ ይገድላል። ቤን የሞቱት ይነሣሉ የሚለውን ወሬ ማመን ሲጀምር ሞርጋን ይስቅበታል፤ ሳይንቲስት ነውና። መንግሥት ሬሳ እንዲቀበር አይፈቅድም፤ የጭነት መኪና እየዞረ ይለቅማል፤ ሁሉም ወደዚያ ጉድጓድ ነው። ካቲ ዓይኗ ጠፍቶ ትሞታለች። አባቷ ቤት ሲደርስ ወስደዋታል። ተከትሎ ይሮጣል፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አንድ ወታደር ያቆመዋል። ሞርጋን ልጄ እዚያ ውስጥ ናት ይላል። ወታደሩ የብዙ ሰው ልጆች እዚያ እንዳሉ፣ የእሱም ልጅ ከእነሱ አንዷ እንደሆነች ይነግረዋል። ይኸው ነው። ሙዚቃ ተነሥቶ አያስለቅሰንም፤ ወታደሩም አያለቅስም። በፊልሙ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ትዕይንት ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከአንበሳሜ ወደ ጣና ስትወርዱ እዚሁ ደራ ውስጥ ቆራጣ አለች። በ1858 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር በነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ሰፈሩ ተነሣ፤ ንጉሡም ሕዝባቸውን ይዘው ወደ በጌምድር ደጋ ወጡ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እኛም ዘንድ ደረሰ። የገባበት ወር ስሙን ሰጠውና «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሕዝብ እስከ 10,000 ይገመታል፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ሰው ያለ ለቅሶ አፈር የለበሰበት ጊዜ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠራርገን የምናጤሰው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚነገር ልማድ ነው። እንግዲህ በሞርጋን ጉድጓድ ላይ የሚወጣውን ጢስ ስታዩ የውጭ አገር ሰው ከሚያየው አንድ ነገር ጨምራችሁ ታያላችሁ። እኛ አገር ሰው ከሞተ በኋላም የሰው ነው፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ይቀመጡለታል። ከሬሳ ላይ ለቅሶ መከልከል ለእኛ ሁለተኛ ሞት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከሁሉ በላይ ያንገበገበን ምን እንደነበር አስታውሱ። እጅ መጨባበጥ መከልከሉ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ተቃቅፎ ማልቀስ አለመቻሉ ነበር።

ሞርጋንም የሚሰብረው ይህ ነው። ሚስቱ ስትሞት ለመኪናው አልሰጣትም ይላል። በድብቅ ሜዳ ወስዶ በእጁ ይቀብራታል። ማንኛችንም ብንሆን የምናደርገው ነው። በዚያው ሌሊት በሩ ላይ ድምፅ ይሰማል፤ የእሷ ድምፅ ነው፤ ስሙን ጠርታ አስገባኝ ትለዋለች። በሩንም ይከፍታል።

እዚህ ላይ ፊልሙ ጨካኝ ነው፤ የጭካኔው ትርጉም ግን ወዲያው አይገባንም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሞርጋን አንድ ትምህርት ተምሯል፤ በር ላይ የሚጠራህን የምታውቀውን ድምፅ አትመን። ሌሊት ሌሊት ከደጁ ቆሞ ስሙን የሚጠራው የጥንት ወዳጁ ቤን ነው። ሞርጋን ከእንግዲህ ለማንም በር የማይከፍት ሰው ሆኗል። ምክንያት አለው፤ ቁስል አለው። በዚህ ምክንያት ቀን ቀን የሚሠራውን ሥራ ስናይ አንጠይቀውም። ስንቱን እንደገደለ አናውቅም፤ የገደላቸውንም ፊት ካሜራው ብዙ አያቆይልንም። ችካሉ ይነሣል፣ መዶሻው ይወርዳል፣ ወደሚቀጥለው ቤት። ሥራ ነው። እኔ ፕራይስን የምወደው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ጀግና ይሆንብን ነበር። እሱ ግን ትከሻው የወደቀ፣ የሰለቸው፣ መሥሪያ ቤቱ ግዴታ የጣለበት ተራ ሠራተኛ ይመስላል። ክፋት ሥራ ሲሆን እንዲህ ያለ ፊት ነው ያለው።

ነጭ ሽንኩርቱን ልብ ብላችኋል? እኛ ደጋማው ጎንደር ውስጥ ያደግን ሰዎች ለዚህ ትርጉም አያስፈልገንም። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ከቡዳ ይጠብቃል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል፣ ሰው ይበላል የተባለው ጎረቤታችን ቀን ቀን ማረሻ የሚቀጠቅጥልን፣ እንስራና ምጣድ የምትሠራልን ሰው ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል፤ ካሠሯቸውም መካከል ወንጌል ይዘው ከስዊዘርላንድ ከክሪሾና የመጡ ሰዎች ነበሩበት። ንጉሡ የእጅ ሥራን እንደዚያ ወድደው በያዙበት ምድር፣ የአገሩ ቀጥቃጭ ግን ዓይኑ የሚፈራ፣ ልጁ የማይዳር ሆኖ ኖሯል። በዚያ ስም ስንት ቤት እንደተገለለ ቁጠሩ ብባል አልችልም፤ ቤታችሁ ገብታችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ደም መጣጩን ለማወቅ የምንጠቀምበት ምልክት ሁልጊዜ ከእኛው ፍርሃት የተቀዳ ነው። ፊልሙ ይህን የሚያውቀው ስለ ኢትዮጵያ ስላወቀ አይደለም፤ ስለ ሰው ስላወቀ ነው።

ከዚያ ሩት ትመጣለች። ስሟን ልብ በሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው እንግዳይቱን ሞዓባዊት ሳያስብ አያልፈውም። ሞርጋን በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ያያታል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን የምትሄድ ሴት አላየም። ትሸሸዋለች፤ ይዟት ቤቱ ያስገባታል። እንግዳ ሲገባ እኛ ውኃና እንጀራ እናቀርባለን። እሱ ግን ነጭ ሽንኩርት ፊቷ ላይ ይደቅናል። ትሸማቀቃለች። ይጠረጥራታል። ኋላ ሳታየው ክንዷን መርፌ ልትወጋ ስትል ይደርስባታል፤ ነገሩም ይወጣል። ሩት በሽታው በደሟ ውስጥ አለ፤ መርፌው ግን ያስታግሰዋል። እንደ እሷ ያሉ ብዙዎች አሉ። መድኃኒት እየወሰዱ ይኖራሉ፣ ይሠራሉ፣ አዲስ ኅብረተሰብ ለማቋቋም ተነሥተዋል። ቀን ቀን ቤት ለቤት እየዞረ ከገደላቸው ውስጥ ስንቶቹ እነዚህ ነበሩ፤ ሕያዋን። እናቶች፣ ባሎች። ሞርጋን የሌሊቱን ጭራቅ ሲፈራ፣ ለእነሱ የቀኑ ጭራቅ እሱ ሆኖ ኖሯል። ለልጆቻቸው የሚያስፈራሩበት ስም የእሱ ስም ነው።

በእኛ አገር ይህን ትዕይንት አይቶ ኤች አይ ቪን የማያስብ ያለ አይመስለኝም። ፊልሙ ሲሠራ ቫይረሱ በዓለም አይታወቅም ነበር። ግን በጓዳ ተደብቃ መድኃኒቷን የምትወስድ ሴት፣ የሰው ኮቴ ስትሰማ የምትሰውር፣ ታውቋታላችሁ። ኪኒኑን ከብልቃጡ አውጥታ በወረቀት ትጠቀልለዋለች፣ ብልቃጡ ስለሚንኳኳ። በአገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙዎች ከአልጋ ተነሥተው ልጅ አሳደጉ። እኛ በጸሎት ክበባችን ውስጥ ለእነዚህ ወገኖች ምን ነበርን? «ተፈውሰሻል፣ መድኃኒቱን ጣዪው» ያለ አገልጋይ አልሰማችሁም? እኔ ሰምቻለሁ፤ መድረክ ላይ፣ በድምፅ ማጉያ። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን የሰው እጅ ላይ ያለውን ኪኒን ቀምቶ ማስጣል እምነት ሳይሆን ችካል ሊሆን እንደሚችል ይህ ፊልም አሳይቶኛል። ከኛው ዞንም አንድ ነገር ልጨምር። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ውስጥ ካላዛር ሲገባ በመጀመሪያ የተወሰደው እንደ ወባ ነበር፤ መድኃኒት የማይበግረው ወባ። ሰው ሲመነምን ጎረቤት ምን ምን ስም ይሰጠው እንደነበር መገመት አያቅትም። በሽታው ስሙን ሲያገኝ፣ አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ሲጀመር፣ በሽተኛ የተባለው ሁሉ እንደገና ሰው ሆነ።

ወደ ሩት ልመለስ። እሷ ተኝታ ሳለች ሞርጋን የራሱን ደም ይሰጣታል። ቀደም ሲል ፓናማ ሳለ የሌሊት ወፍ ነክሶት ስለነበር ደሙ በሽታውን የሚቋቋም ነው። ስትነቃ ድናለች። ደስታው ግን አይቆይም፤ የሩት ወገኖች ጥቁር ለብሰው፣ ጦር ይዘው ይመጣሉ። የሌሊቶቹን ደም መጣጮች ይፈጃሉ፤ ቤንም ይሞታል፤ ሞርጋን ወዳጁ ሲገደል ሲያይ ይጮኻል። ከዚያ እሱን ያሳድዱታል። ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ በመሠዊያው ፊት በጦር ተወግቶ ይሞታል።

የሚያድን ደም፣ ጦር፣ መሠዊያ። እንግዲህ ይህ ክርስቶስን የሚመስል ሰው ነው የሚሉ ተንታኞች አሉ። በእኛም ወጣቶች መካከል ፊልም ባየን ቁጥር የክርስቶስን ምሳሌ ፈልገን ካላገኘን ያላየነው የሚመስለን አለን። እዚህ ላይ ግን ረጋ በሉ። ሞርጋን ሲሞት ገዳዮቹን ይሰድባል። ፍጥረታችሁ የተበላሸ ናችሁ፣ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ይላቸዋል። ደሙን የሰጠው ለአንዲት ሴት ነው፤ ለእሷም ቢሆን ሳይጠይቃት፣ ተኝታ እያለች። ጌታችን ዓይነ ስውሩን ምን ላደርግልህ ትወዳለህ ብሎ የጠየቀ ነው፤ ሲሞትም ለገዳዮቹ ምሕረት የለመነ ነው። ፊልሙ መሠዊያውን ያስቀመጠው ልዩነቱ እንዲታየን ይመስለኛል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ልቦለድ የተሠራው «ዘ ኦሜጋ ማን» ቻርልተን ሄስተንን እጆቹን ዘርግቶ እንደተሰቀለ አድርጎ ይገድለዋል፤ ያኛው በግልጽ ሊሰብከን ይፈልጋል፣ ስለዚህም ስብከቱ አይገባም። በ2007 እ.ኤ.አ. ዊል ስሚዝ የሠራበት ደግሞ፣ ብዙዎቻችሁ ያያችሁት፣ በሲኒማ በወጣው መጨረሻው ጀግና አድርጎት ያልፋል። ለዚያ ፊልም ሌላ መጨረሻ ተቀርጾ ነበር፤ በዚያኛው ሰውየው ጭራቆች ያላቸው ፍጡራን እርስ በርስ እንደሚዋደዱ ያያል፤ ለእነሱ ጭራቁ እሱ መሆኑም ይገባዋል። ይህኛውን ቆርጠው ሌላውን ለሲኒማ ሰጡት። ለምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ተመልካች ጀግና ሆኖ ከአዳራሽ መውጣት ይወዳል።

የሞርጋንን ያህል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ኤልያስ ነው። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ክፈቱ። ኤልያስ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ እኔ ብቻዬን ቀረሁ ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደግሞ ደጋግሞ። ምዕራፍ 18 ላይ ግን አብድዩ የሚባል ሰው አንድ መቶ ነቢያት በዋሻ ደብቆ እንደሚመግብ ነግሮታል። ሰምቷል፤ ግን አልቆጠራቸውም። እግዚአብሔር ምን አለው? ስለ ብቸኝነቱ አላባበለውም። ሰባት ሺህ እንዳሉ ነገረውና ወደ መጣበት መንገድ መለሰው። ሞርጋን ያ ድምፅ ያልደረሰው ኤልያስ ነው። ሰባቱ ሺህ ደጁ ላይ ነበሩ፤ እሱ ችካል ያሾል ነበር።

አንበሳሜ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጉዳይ ለእኛ ቀላል አይደለም። ቁጥራችን ጥቂት ነው። አንዳንዶቻችን ከአባታችን ቤት በቃል ተወግረን የወጣን ነን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ዳር የምንቆም፣ ስማችንን ትተው በሌላ ስም የሚጠሩን ነን። በር ላይ የሚጠራን የእናታችን ድምፅ ነውና ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ቁስሉ እውነተኛ ነው። ግን ከዚያ ቁስል ተነሥተን ስለ ጎረቤቶቻችን በመካከላችን የምንናገረውን አንድ ቀን ሰብስባችሁ ስሙት። ሙታን እንላቸዋለን፤ በጨለማ ያሉ እንላቸዋለን። የእናቱን የጸሎት ድምፅ ሌሊት ሲሰማ ያደገ ልጅ እናቱን «እግዚአብሔርን የማታውቅ» ብሎ ሲመሰክር ሰምቻለሁ። የእሷን ዕንባ ማን ቆጠረው? ማን ያውቃል፤ እሷም ከዚያ ቁጥር ውስጥ ትሆን ይሆናል። ሞርጋንም እኮ ለሦስት ዓመት ሙሉ ቀኑን በትክክል ቆጥሯል። ሰውን ነው ያልቆጠረው።

የፊልሙን ጉድለት ሳልናገር ባልፍ አንባቢዬን መሸንገል ይሆንብኛል። ሞርጋን በሐሳቡ የሚናገረው ድምፅ በመጀመሪያው ክፍል ከመጠን በላይ ነው፤ ዓይናችን ያየውን ደግሞ ይነግረናል። ብዙዎቹ ተዋናዮች ኢጣሊያውያን ናቸውና የተለጠፈባቸው የእንግሊዝኛ ድምፅ ከከንፈራቸው ጋር አይገጥምም። ሩት ምስጢሩን የምትገልጥበት ትዕይንት በንግግር ብቻ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ቢያንስ አንድ ፊት፣ አንድ ቤት፣ እሱ የገደለውን አንድ ሰው የሚያለቅስ ዘመድ ሊያሳየን ይገባ ነበር። መጨረሻ ላይ ያለው የሩጫና የቦምብ ትርምስ ተጨምሮ የተሰፋ ዓይነት ነው። ደም መጣጮቹም ቀርፋፎች ናቸው፤ በእንጨት በር እየደበደቡ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት መስበር ያቃታቸው። ወጣቶቻችን እዚያ ላይ መሳቃቸው አይቀርም። ይስቁ። ጆርጅ ሮሜሮ ከአራት ዓመት በኋላ በ1968 እ.ኤ.አ. የሠራው ፊልምና ከእሱ በኋላ የመጡት ዞምቢዎች በሙሉ የሚራመዱት በእነዚህ ቀርፋፎች እርምጃ ነው።

በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ልታሳዩት ካሰባችሁ፣ በአሜሪካ የባለቤትነት መብቱ የቀረ ፊልም ስለሆነ ማግኘት አይከብድም። እንግሊዝኛው ለሁሉም ስለማይገባ አንድ ሰው በየመካከሉ እያቆመ ቢተርጉም ይሻላል፤ በተለይ ወታደሩ ጉድጓዱ ላይ የሚናገረውን። ከ15 ዓመት በታች ያሉትን አታስገቡ። መብራት አብርታችሁ ለውይይት ስትቀመጡ ከመሠዊያው አትጀምሩ፤ ከውሻው ጀምሩ። ሞርጋን ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ትንሽ ውሻ ደጁ ላይ ያገኛል። ይይዘዋል፣ ያጥበዋል፣ ያነጋግረዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፊቱ ይፈታል። ከዚያ ደሙን መርምሮ በሽታው እንዳለበት ያያል። ቀጥሎ የምናየው ሜዳ ላይ ሆኖ ሲቀብረው ነው፤ በጨርቅ ጠቅልሎታል፣ ከጥቅሉም ላይ ችካሉ ተተክሏል። አንድም ቃል አይናገርም። በዚያ ዝምታ ላይ አቁሙትና፣ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር ተመልከቱ።